የቤዛ እናት ሮም እንዴት እንደገባች

ውብዬ፣ የቤቴ ሰው፣

ከተለየሽኝ ዓመት ሊሞላ ሳምንት ቀረው። እንዴት ነሽ እንዳልል ያለሽበትን አላውቅም፤ እኔ ግን ደህና አይደለሁም። ሊፍቱ አሁንም ተበላሽቶ ቆሟል፣ አስተዳዳሪውም አሁንም ነገ ይላል። ልብሶችሽን ሮም ስትመጪ አብራሽ ለኖረችው ለሙሉ ሰጠኋት፤ ሰማያዊውን ሹራብ ብቻ አስቀርቻለሁ። ምስር ወጥ መሥራት ለመድኩ ብል ትስቂብኛለሽ። አሁንም ያርርብኛል።

የምጽፍልሽ ግን ስለ ልጃችን ነው። ለትምህርት እንግሊዝ ሄዳ በዚያው የቀረችው ቤዛ ለንደን ፓርላማ የገባች ቀን እልልታሽ ከታች ያለችውን ሴኞራ አስደንግጧት፣ እሳት የተነሣ መስሏት እየሮጠች መጥታ ነበር። መጀመሪያ የከተማ ምክር ቤት አባል፣ ቀጥሎ በምርጫ ተሸንፋ ስታለቅስ፣ ኋላ አሸንፋ የእንግሊዝ ሕዝብ እንደራሴ። የሰው ቤት እየጠረግሽ ያሳደግሻት ልጅ። አንቺ ካረፍሽ በኋላ ደግሞ ምክትል ሚኒስትር አደረጓት። ይህን ሳታዪ መሄድሽ አንጀቴን በልቶት ነበር፤ አሁን ግን እንኳን አላየሽ እላለሁ።

በጀልባ የሚመጡ ስደተኞችን ጥያቄያቸው ሳይሰማ የሚመልስ ሕግ ፓርላማ ቀረበ። ደግፋ የተናገረችው ቤዛ ናት። ቪያ ቮልቱርኖ ጎዳና ካለው ከሐበሻው ምሳ ቤት ውስጥ፣ ከሙሉና ከሌሎቹ ጋር ሆነን በስልክ አየናት። የጀመረችው በአንቺ ነው። እናቴ ተራዋን ጠብቃ፣ ወረቀቷን አሟልታ፣ በሕጋዊው በር ሮም ገባች፤ ሌላውም እንደ እሷ ያድርግ፣ አለች። አንዷ ወደ አማርኛ መለሰችልን። ሙሉ፣ ይቺ ልጅ ስለ ማን እናት ነው የምታወራው፣ ብላ ጠየቀችኝ።

አንቺ በጉብኝት ቪዛ ገብተሽ፣ ቪዛው ሲያበቃ የቀረሽ ሰው ነሽ። ወረቀት ለሌላቸው የምሕረት አዋጅ ወጥቶ ፔርሜሶውን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ እስክታገኚ ድረስ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ቤዛን አቅፈሽ በረንዳ ላይ ትደበቂ ነበር። ልጅቷም አፏን በእጇ መያዝ ለምዳ ነበር። ወረቀት ያገኘሽው እሷ ትምህርት ቤት ከገባች በኋላ ነውና አላወቅሁም ልትል አትችልም። ኋላም ሐሙስ ከሰዓት፣ በዕረፍትሽ፣ ሰላም ፓላስ በሚሉት ባዶ ሕንፃ ለተጠለሉት ስደተኞች ምስር ስትወስጂ ድስቱን በአንድ ጆሮው የምትይዝልሽ እሷ ነበረች። በምን መጣችሁ ብለሽ የጠየቅሽው ሰው አልነበረም፤ በልታችኋል ወይ ነበር ጥያቄሽ።

ከዚያ አንድ የእንግሊዝ ጋዜጠኛ ስለ አንቺ እያጠያየቀ መጣ። ቤዛ ቀድማ ደወለች። አባዬ፣ በሥራ ቪዛ ነው የመጣችው በለው፣ አለዚያ አለቀልኝ፣ አለችኝ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም ልል ነበር፤ ልጄ ናትና። ዝም ብል ግን ዕድሜ ልኬን አብሬያት የኖርኩትን ሴት ክጄ፣ የማላውቃትን ሴት ልዘክር ነው። ለጋዜጠኛው እንዳለ ነገርኩት። ሙሉም አጠገቤ ተቀምጣ የዘለልኩትን ሞላች።

ጋዜጣው እውነቱን ሲያወጣው ቤዛ ሥልጣኗን ለቀቀች፤ ለሚቀጥለው ምርጫም ፓርቲዋ አያቀርባትም አሉ። አንድ ቀን ደውላ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁትን አባቴ አፈረሰው፣ አለችና ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ስደውል አታነሣም። ምሳ ቤት ስገባ ሰዎች ተነሥተው ወንበር ይለቁልኛል፣ ጀግና ይሉኛል። ክብራቸው ያንገፈግፈኛል። ትክክል እንደሠራሁ አውቃለሁ፤ እንዲህ እንደሚያንገበግብ ግን አላውቅም ነበር።

የፊታችን እሑድ ሙት ዓመትሽ ነው። ቤዛ የምትመጣ አይመስለኝም። ዝክሩን ሙሉና ሴቶቹ ያዘጋጃሉ፤ ቄሱም በጸሎት የሚጠሩትን ስም ጠይቀውኛል። እስካለሁ ድረስ እንደነበርሽ አድርጌ፣ ከነፍርሃትሽ፣ ያለ ወረቀትሽ፣ አስታውስሻለሁ። የክርስትና ስምሽን ከሙታን ጋር እሰጣቸዋለሁ። የልጃችንንም ከሕያዋን ጋር እንዲጠሩልኝ እለምናቸዋለሁ።

ባልሽ