ሁለት ላባ

ሰኔ 12፣ ረፋድ
ዝናብ። የወፍጮው ሞተር እንቢ ብሎ አሁን ገና ተነሣ። አንተ ደብተር፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የምነግርህን ጎረቤቴ መምህሩ ይጽፋል። ማሳመር ይወዳል። እንዳልኩህ ጻፍ ብዬዋለሁ።

ሥራዬን እወቅ። ቢቸና ውስጥ ስንት አያሌው፣ ስንት ጥሩዬ አለ? በባለቤቱ ስም ከተጠራ ዱቄቱ ይምታታል። ስለዚህ ለጆንያው ለራሱ ስም አወጣለሁ። ቀንድ። የበቆሎ ቆረቆንዳ። ላባ። ስሙ የሆነውን ዕቃ ጆንያው አፍ ላይ አስራለሁ። ተፈጭቶ ሲወጣ ስሙ ይለቀቅና ለሌላ ይሆናል። አንድ ስም ለሁለት ጆንያ በአንድ ጊዜ? በኔ እጅ ሆኖ አያውቅም።

ሰኔ 14
ባሏ የሞተባት ጥሩዬ መጣች። ዘር ጤፍ ይዛ። በግ ሸጣ ከሞጣ ገበያ ያመጣችው ነው። ቤቷ ያፈሳል፤ እስክትዘራ ከቆርቆሯችን ሥር ይቀመጥልኝ አለች። እሺ። መሬቷ ዘንድሮ ጦም ካደረ ገበሬ ማኅበሩ ለሌላ ይሰጠዋል፤ ተነግሯታል።

ላባ የሚባል አለ ወይ ብዬ ጮህኩ። ዝም። ላባ ፍለጋ ወጣሁ። ተመልሼ አሰርኩ። ጥግ አቆምኩት።

ሰኔ 17፣ ማታ
የጥሩዬ ዘር ተፈጭቷል።

እኔ ላባ ልለቅም ስወጣ፣ ሞተረኛው ይርጋ ለአንድ ሰውዬ ዳጉሳ ላባ ብሎ ስም አውጥቶለት ኖሯል። ሁለት ላባ በአንድ ቤት። ዛሬ እኔ ለቅሶ ሄድኩ፤ እሱ ያገኘውን ላባ አንሥቶ ወፍጮው አፍ ውስጥ ገለበጠ። ጤፍ መሆኑን አላየህም ወይ አልኩት።

«አያ ታከለ፣ በዚያ ብናኝ ማን ያያል? ላባ ካለ ላባ ነው!»

እውነቱን ነው። ጠይቄ ላባ ፍለጋ ሄድኩ። ላባውን መጀመሪያ አስሬ፣ ከዚያ መጠየቅ ነበረብኝ። ምንም አልተሰማኝም። እራቴን በላሁ።

ሰኔ 18
ጥሩዬ አላለቀሰችም። ዱቄቱን ዘግና አየችው።

«ስም አውጪው እርስዎ፣ የኔን ስም ለሌላ አስነጠቁብኝ? ዱቄት ይዘራል እንዴ?»

ከተረኞቹ አንዱ፣ ዘንድሮ እንጀራ ይበቅልላታል ብሎ ሳቀ። በዱላ አስወጣሁት።

ሰኔ 20
ግድግዳው ላይ ምስማር መታሁ። ዕቃዎቹን ሰቀልኩ፤ ከያንዳንዱ አንድ ብቻ። ስም የፈለገ ከምስማሩ ያንሣ። እዚያ ከሌለ ስሙ ተይዟል። መጠየቅ ቀረ። ይርጋ ወደደው። ለጥሩዬ ምን ይረባታል።

ሐምሌ 6
ሰው ሁሉ ይዘራል። ገበያ ላይ ዘር ጠፍቷል። የራሴን ዘር ጤፍ ከጎተራ አወጣሁ። ለሁለት ማሳ አይበቃም። ወንፈል ጠርቼ የጥሩዬን ማሳ አስዘራሁ። የእርስዎስ መሬት? አለችኝ። ቦዩን እዪ፣ ውኃ እየገባብሽ ነው አልኳት።

ሐምሌ 24
ስብሰባ። ሊቀ መንበሩ ጦም ያደረው መሬት የማን ነው አለ። የኔ ነው። ምክንያት? የለኝም። ወሰዱት። አባቴ ያረሰው መሬት ነው። መምህሩ እዚህ ላይ ብዕሩን አቆመ። ጻፍ አልኩት።

ሐምሌ 26፣ ማለዳ
ሞጣ ያለችው ልጄ ይምጡ ስትለኝ ከርማለች። እሄዳለሁ። ምስማሮቹን ለይርጋ አስረከብኩ። አንዱ ላባ ተሰቅሏል፤ ሁለተኛው ኪሴ ውስጥ ነው። መኪናው ጡሩንባ ይነፋል። ጥሩዬ ደጃፌ ላይ ቆማለች። ከማሳው የነቀለችውን ቡቃያ ይዛለች። ደብተር፣ ይብቃን፤ ወደሷ ልውጣ።