የፎርማኑ ድምፅ

ይድረስ ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ እህቴ ለእታለም፤

ለመሆኑ እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ? ያ ቀዝቃዛ ውሃ በነካው ቁጥር የሚያስጮህሽ ጥርስ ተነቀለ ወይስ ዛሬም ነገም እያልሽ ታባብዪዋለሽ? ባለቤትሽስ ደኅና ነው? ወገቡን ተሻለው? ያቺ ቀበጥ ልጅሽስ፣ አያቷን «ጯሂው» የምትለው፣ ጫማዋን ግራና ቀኝ ለይታ ማድረግ ጀመረች? እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። «ደኅና ነን» ብዬ አልፌው ብሄድ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ይህን ወረቀት ያነሳሁት ለዚያ አይደለም። ቆመሽ እያነበብሽ ከሆነ ወንበር ሳቢና ተቀመጪ።

በስልክ ያልነገርኩሽ ስልኩን ሁልጊዜ ቀድሞ የሚያነሳው አባዬ ስለሆነ ነው። ይዤው ወደ ጓዳ ብገባ እንኳ በር ላይ ቆሞ «ምንድን ነው የምትንሾካሾኩት?» ይላል። በአጭር መልእክት ደግሞ ይህን የሚያህል ነገር እየቆራረጡ መላክ አልሆንልኝ አለ። ደግነቱ የሠፈራችን ፋርማሲስት ልጇን ልትጠይቅ ወደ እናንተ ከተማ ልትመጣ ነው፤ ደብዳቤውን በእጇ ትሰጥሻለች። አባዬ «ለእሷ ትንፍሽ ብትል አባትህ አይደለሁም» ብሎኛል። እኔ ደግሞ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብዬ ይኸው ትንፍሽ ልል ነው።

የጨረር ሕክምናውን የጨረሰ ጊዜ «ሥራው አልቋል፣ ርክክብ ብቻ ነው የቀረው» ብሎሽ ነበር አይደል? ርክክቡ አልሆነም እታለም። ካንሰሩ እዚያው ጉሮሮው ውስጥ ተመልሷል። ባለፈው «ድምፅህ ለምን ጎረነነ?» ስትዪው «ጉንፋን ነው» ያለሽ ውሸቱን ነው። እማዬ አጠገቡ ቆማ ነበር፤ ሰምታ ወደ ጓሮ ወጣች።

ያን ድምፅ መቼም አንቺ ታውቂዋለሽ። ፎርማን ሳለ መሬት ላይ ቆሞ አራተኛ ፎቅ ያለውን ግንበኛ «ያ ጡብ ተጣሟል!» ሲለው፣ ማዶ ያለው ባለሱቅ ደንግጦ የራሱን መደርደሪያ ያቃና ነበር። ከአንቺ ጋር ሲያወራማ ካልጮኸ የማይደርስሽ ስለሚመስለው፣ ጎረቤቱ ሁሉ የአንቺን ወሬ ከእኛ እኩል ነው የሚሰማው። ጥርስሽን እንዳመመሽ እኔ እንኳ የሰማሁት ከጋራዡ ሰውዬ ነው።

የጨረሩን ጊዜ በሳቅ ነው ያሳለፈው ብልሽ አታምኚኝ ይሆናል። ጠረጴዛ ላይ ያስተኙትና ወንፊት የመሰለ፣ በፊቱና በአንገቱ ልክ የተሠራ ጭንብል አልብሰው እንዳይንቀሳቀስ ከጠረጴዛው ጋር ያያይዙታል። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ይጨንቀዋል አሉ። አባዬ ጭንብሉን እንደ ኮንክሪት ማፍሰሻ ሳንቃ ቆጥሮ «ፎርምወርኩ ደርሷል፣ ኮንክሪቱን ገልብጡት» ብሎ ባለሙያዋን በሳቅ ገደላት። ከዚያ በኋላ ሁሉም «ፎርማን» ነው የሚሉት። አንድ ቀን ደግሞ «ልጄ፣ በግራ በኩል ክፍተት አለው፤ ሥራችሁን ተቆጣጠሩ» አላት። ልጅቷም ቀልድ አላደረገችውም፤ ዞራ ዞራ ፈትሻ «ጭንብሉ ልክ ነው ፎርማን፤ እርስዎ ነዎት የከሱት» አለችው። አባዬ ያን ቀን ማታ ሾርባውን ሳይጨቃጨቅ ጠጣ፤ እማዬም እስከ ዛሬ ያቺን ልጅ ትመርቃለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ዶክተሯ አስቀምጠው ነገሩን። ማንቁርቱ በቀዶ ሕክምና መውጣት አለበት። አንገቱ ላይ ቀዳዳ ይደረግለታል፤ ከዚያ በኋላ የሚተነፍሰው በዚያ ነው። ይህ የምናውቀው ድምፁ አይኖርም። በመሣሪያም በልምምድም ድምፅ ማውጣት ይማራል፣ ግን የቀድሞው አይሆንም። «አሁን ከተሠራለት ጥሩ ተስፋ አለው፤ ዋስትና ግን ልሰጣችሁ አልችልም፤ ከዘገየ ደግሞ ቢላችን የማይደርስበት ቦታ ይገባል» አሉ። እስከ ወሩ መጨረሻ ቁርጡን እንድንነግራቸው ይፈልጋሉ። አባዬ «ቀዳዳው ዝናብ አያስገባም?» ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም ሳቅ ብለው መሸፈኛ እንዳለው፣ ዋና ብቻ እንደማይሆንለት አስረዱት። «ዋና ድሮም አልችልም» አለና «አስብበታለሁ» ብሎ ተነሳ።

አባዬ «አስብበታለሁ» ካለ ምን ማለት እንደሆነ ለአንቺ አልነግርሽም። ብስክሌት ግዛልኝ ያልሽውን እስካሁን እያሰበበት ነው።

እማዬ ለመነችው፤ ወይ ፍንክች። እኔ ስለምነው «አንገቴ ግድግዳ ነው እንዴ፣ መስኮት የሚከፈትበት?» እያለ ያሾፍብኛል። ፈርቶ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ቢፈራስ ማን ይፈርድበታል? ዶክተሯም እንደዚያ ሳይመስላቸው አልቀረም፤ ይኸው ቀዶ ሕክምና የተሠራለት አንድ ጡረተኛ ሹፌር ጋር አገናኙን። ሰውዬው ደስ የሚል ሰው ነው። የእጅ ባትሪ የሚያህል መሣሪያ አንገቱ ላይ ደገፍ አድርጎ ያወራል። ድምፁ ይጮሃል፣ ይነዝራል፣ ግን ቃሉ ሁሉ ይሰማል። ስለ መኪና፣ ስለ ልጅ ልጆቹ፣ ሚስቱ ስትቆጣው መሣሪያውን እንደምትደብቅበት ሁሉ አወጋን። አባዬ ከልቡ ሳቀ፤ እኔም በልቤ «በቃ፣ እሺ ሊል ነው» አልኩ።

ስንመለስ የጥገና መኪናዬ ውስጥ ነበርን። ከኋላ የጫንኩት ያረጀ ፍሪጅ መንገዱ በተጎረበጠ ቁጥር ይንኳኳል። «እህ፣ ሰውየውን እንዴት አየኸው?» አልኩት። ምን አለኝ መሰለሽ? እሱ እንዳለው ልጻፍልሽ።

«እናትህ ቅንድቤን አይታ ምን እንደጎደለኝ ታውቃለች። አንተም አጠገቤ ነህ፤ ዓይኔን እያየህ ትጠይቀኛለህ። እህትህስ? እዚያ ማዶ ሆና ከእኔ ያላት ድምፄ ብቻ ነው። እሱንም ልነጥቃት?»

እኔም እንደ ብልጥ «አሁን እኮ በስልክ ምስልም ይታያል» አልኩት። «ፎቶዬማ ግድግዳዋ ላይ ተሰቅሏል፤ ፎቶ ‹በላሽ ወይ?› አይልም» አለኝ። «መሣሪያውስ?» ስለው «እሱን ሰምታ የተሳሳተ ቁጥር ነው ብላ ትዘጋብኛለች። ከእጅ አይሻል ዶማ» አለ። መኪናውን ዳር አስያዝኩና አለቀስኩ እታለም። ጢሜን አሳድጌ፣ መሪ ላይ ተደፍቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አባዬ ትንሽ ጀርባዬን ካሸኝ በኋላ «ንዳው እንጂ ልጄ፣ የሰው መንገድ ዘጋህ» አለኝ።

ስለዚህ ይህን ቁርጥ ከእኔም ከእማዬም ከዶክተሯም አፍ አይቀበልም። ከአንቺ ብቻ ነው። የምጠይቅሽን አውቃለሁ፤ «ድምፅህን ተወው» በዪው ማለት ለእኔ ቀላል ነው፣ ድምፁ የሚቀርብሽ ግን አንቺ ነሽ። እኔ ጠዋት ተነስቼ ፊቱን አያለሁ። አንቺ ግን ከሥራ ደክመሽ ገብተሽ፣ ያ ድምፅ «አንቺ ልጅ!» ብሎ ጆሮሽን ሲያደነቁረው ነው ቤትሽ ያለሽ የሚመስልሽ። ይህን ሳስብ ብዕሬን አስቀምጬ ነበር። ከዚያ ደግሞ እሱ ከሚቀርብን ድምፁ ይቅር ብዬ አነሳሁት።

አትለምኚው። ልመና አይገባውም፤ ያጠነክረዋል። እዘዢው። ራሱ አሳድጎሽ ራሱ የሚፈራሽ ሰው ነው። በመሣሪያውም አውራኝ፣ ስልኩን በጥፍርህ አንኳኳልኝ፣ ዝም ብለህም ተንፍስልኝ፣ አባቴን አላጣህም በዪው። ወይም የራስሽን ተናገሪ፤ እኔ የፍሪጅ ሰው ነኝ፣ ቃል የምታውቂው አንቺ ነሽ። ከእሱ ያለሽ ድምፁ ብቻ እንዳልሆነ ግን ንገሪልኝ። አንቺ በስልክ ባለቤትሽን ስትቆጪ የሰማች ጊዜ እማዬ «ያው ፎርማኑ» ነው የምትለው። ብታለቅሺም አልቅሺ፣ እሺ ካሰኘሽው በኋላ።

እሺ ካለሽ ደግሞ ቶሎ አትዝጊበት። እስኪበቃው ያውራ። የማይረባም ቢሆን፣ ስለ ሲሚንቶ ዋጋም ቢሆን፣ መቶ ጊዜ የሰማሽውን ቀልድም ቢሆን አዳምጪው። እኔና እማዬ ጠግበናል፤ ይህ የአንቺ ድርሻ ነው።

ሌላው ሁሉ ሰላም ነው። ሱቁን ጓደኛዬ ይዞልኛል፤ ደንበኞች «የአባትህ ጤና እንዴት ነው?» ሳይሉ ፍሪጃቸውን አይሰጡኝም። እማዬ በዚህ ሙቀት የአንገት ልብስ እየሠራች ነው። ለማን ነው ብዬ አልጠየቅኋትም፤ እሷም አልነገረችኝም። ለስላሳ ክር ግን መርጣለች።

ለባለቤትሽ፣ ለወንድሜ፣ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ከባድ ዕቃ እንዳያነሳ፣ ወገብ መለዋወጫ የለውም በዪልኝ። ያቺን ቀበጥ ጉንጯን ሳሚልኝ። እማዬ «ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ፣ ጥርስሽን ተነቀዪ» ብላለች። የጋራዡ ሰውዬም ስለ ጥርስሽ ይጠይቅሻል።

የአባዬን ሰላምታ አልጻፍኩልሽም። ደብዳቤ መጻፌን አያውቅም፤ ለደንበኛ ዋጋ እያወጣሁ ነው ብዬዋለሁ። ደግሞም ዛሬ ቅዳሜ ነው። ነግረንሽ አናውቅም እንጂ ካንሰሩ ከተመለሰ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ አይናገርም። ከተነሳበት ሰዓት ጀምሮ ለብ ያለ ውሃ እየጠጣ፣ የፈለገውን በእጁ እያሳየ ይውላል። መጀመሪያ የተቀየመን መስሎን ነበር፤ ነገሩን የደረሰችበት እማዬ ናት። እሑድ ስትደውዪ ድምፁ ጠርቶ እንዲወጣልሽ፣ የቅዳሜውን ሁሉ ለአንቺ እያስቀመጠ ነው። አሁንም እዚያ መስኮቱ ጋ ተቀምጦ፣ ሻይ እንድጨምርለት ባዶ ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ እያሳየኝ ነው።

ታናሽ ወንድምሽ
ከቤታችን፣ ከምግብ ጠረጴዛው ላይ
ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ