ከመጨረሻዋ ልጅ ኋላ

መተማ፣ ታኅሣሥ ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.

ውድ ጋሼ ደምለው፣

ሰሊጥ ሊጭን ገለጉ የሚወርድ መኪና አግኝቼ ነው ይህችን የምልክልዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ሀብትነሽ ነኝ፤ ያቺ ፊት ፊት የምትሮጠው፣ አፏም ከእግሯ የሚፈጥነው።

ሰባት ዓመት የዋጥኩትን ዛሬ ልናገር። ጎንደር ላይ በተማሪዎች የሩጫ ውድድር ተሸንፈን የተመለስን ሰሞን፣ በሂስና ግለ ሂሱ ስብሰባ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። እርስዎ ሲያሰለጥኑን ሁልጊዜ ከመጨረሻዋ ልጅ፣ ከውባንች ኋላ እየሮጡ፣ “ቀስ በይ የኔ ልዥ፣ እኔም ደክሞኛል” ይሏት ነበር። እኔ ደግሞ ቀናሁ። ፊት የምሮጠውን ማን ያየኝ ነበር?

“ጓድ ደምለው ራሳቸው እየደከማቸው እኛን እንዴት ያበረቱናል?” አልኩ። ተጨበጨበልኝ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ በወሩ ወደ ገለጉ አዛወሩዎ። ልሸኝዎ እንኳ አልወጣሁም። ቤት ተደብቄ የመኪናውን ድምፅ ሰማሁ።

በእርስዎ ቦታ የመጣው አሰልጣኝ ድካም የሚባል አያውቅም። ፊሽካና አርጩሜውን ይዞ ጥላ ሥር ይቆማል። ኋላ የቀረችውን “አህያ!” እያለ በጠራራ ፀሐይ እንደገና ያስሮጣታል። ውባንች በሳምንቱ ልምምዱን ትታ ቀረች። እኔን ይወደኝ ነበር፤ ስቀድም ብቻ። በሁለተኛው ዓመት ጎንደር ላይ እየመራሁ ሳለሁ ዞር ብዬ የእርስዎን ኮቴ ፈለግሁ። የለም። መሀል ሜዳ ላይ ቆምኩ። ከዚያ ወዲህ ለውድድር ሮጬ አላውቅም።

አሁን እዚሁ አስተማሪ ነኝ። ባለፈው ወር ሴቶቹን አሰልጥኚ ተባልኩ። ፈራሁ፤ እኔም ያንን ሰውዬ እንዳልሆን። ጧት ፀሐይ ሳትበረታ በሱዳን መንገድ ይዣቸው ወጣሁ። አገኘሽ የምትባል ቀጭን ልጅ ኋላ ቀርታ ታለቅሳለች። ተመልሼ አጠገቧ ሆንኩና፣ “አይዞሽ የኔ ልዥ፣ እኔም ደክሞኛል” አልኳት።

እንባዋን ጠርጋ፣ “እርስዎም ይደክምዎታል እንዴ እትዬ?” ብላ ሳቀች፤ መሮጥም ጀመረች።

እኔኮ አልደከመኝም ነበር፣ ጋሼ። ለካ እርስዎም አልደከመዎትም ነበር።

በጣም ናፍቀውኛል። ይቅርታዎን በወረቀት አይላኩልኝ። ለግማሽ ዓመት እረፍት ወዲህ ብቅ ካሉ፣ ጧት ጧት እዚያው መንገድ ላይ ነን። አገኘሽ መጨረሻ ናት፤ ከእሷ ኋላ እኔ አለሁ። ከእኔ ኋላ ግን ማንም የለም።

በድዬዎ ያልሸኘሁዎ ልጅዎ፣
ሀብትነሽ