ካሳነሽን ላማር ላደረጉልን ሊቀመንበር

ለክቡር አቶ አረጋዊ፣
የገዳሪፍ ነዋሪዎች ማኅበራችን ሊቀመንበር፣

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰብዎ፣ አዲሱ ትራክተርዎም ጭምር፣ እንደምን ከረሙ? እኛ ከሙቀቱ በቀር ደህና ነን።

ይህን መጻፌ በልጄ በእየሩስ ቤት፣ በሴት ልጇ ክርስትና ድግስ ላይ ተገኝተው የሕፃኗን ስም ስለለወጡልን በአደባባይ ላመሰግንዎ ነው። እኛ ካሳነሽ ብለናት ነበር። እርስዎ ግን «ካሳነሽ የሰሊጥ አራሚ ስም ነው፤ ላማር በሏት እንጂ፣ ነገ ከነጋዴ ልጆች ጋር ትማር የለም ወይ?» ብለው ዓይናችንን ገለጡልን። እናቷም በእንግዶቹ ፊት አፍራ እሺ አለች።

አንደኛ፣ ስምም እንደ ልብስ ፋሽን እንዳለው ባለማወቄ ይቅርታዎን እለምናለሁ። በገላባት በኩል ወደ ሱዳን ስንሻገር ልጅ የምንሰይመው በደረሰብን ነገር ነበር። ኋላ ደግሞ ለአሠሪ አፍ የሚቀል ስም ፈለግን፤ ዙሌካ የተባለች ሴት ሥራ ቶሎ ታገኝ ነበር። አሁን ጦርነቱን የሸሹት የካርቱም ሰዎች ሰፈራችን ሲገቡ ላማርና ታሊን የሚሉ ስሞች አብረዋቸው ገቡ። ዛሬ የውኃ ወረፋው ላይ አንዲት እናት ላማር ብላ ብትጣራ ግማሹ ሕፃን ዞር ይላል። ስሙ የሀብታም ነው፤ ጀሪካኑ ግን ያው የእኛው ጀሪካን ነው።

ሁለተኛ፣ እኔ ከእኔ በፊት የተወለዱት እየሞቱ ስላስቸገሩ፣ ሞትን ይጋርድልን ተብዬ ጋረደው የተባልሁ ሰው ነኝ። በዚህ ስም ዕድሜዬን ሙሉ ሰሊጥ ሳርም ኖሬአለሁና ግምትዎ ልክ ነው።

ሦስተኛውን ለመጻፍ ደክሞኛል። እየሩስ ከካርቱም ስትሸሽ የበኩር ልጇ ሓፍቶም ሎሪው ላይ በትኩሳት ሞተባት። መንገድ ዳር ቀብረውት አለፉ፤ ዛሬ ብንሄድ ቦታውን አናገኘውም። ሐዘን የገባበት ቤት ቀጥሎ የመጣውን ልጅ ካሳ ብሎ እንደሚጠራ ለእርስዎ አልነግርዎትም። እሷን በጠራን ቁጥር እሱን እናስበው ነበር። ላማር ስንል ግን ማንም ትዝ አይለንም። ልቤ አዝኗል፣ ክቡር ሆይ።

ስለዚህ ፈቃድዎ ቢሆን፣ በመጪው እሑድ ስብሰባ ላይ ካሳነሽም ለሰው ልጅ የሚበቃ ስም መሆኑን አንድ ቃል እንዲናገሩልን በትሕትና እለምናለሁ። እየሩስ እንደሆነ የትራክተር ባለቤት ሲናገር እንጂ አባቷ ሲናገር አትሰማም።

ለክብርዎ ጎንበስ ያለ፣ ከአረሙ የተነሣ ቀና ማለትም ያቃተው፣ ስሙ ያለፈበት አገልጋይዎ፣

ጋረደው

ማሳሰቢያ፦ ከእኔ ጋር በአንድ ማሳ ሰሊጥ ያርሙ የነበሩት የእናትዎ የወይዘሮ ባፈና ስም መቃብራቸው ላይ በፀሐይ ደብዝዟል። ሲያሳድሱት ዘመናዊ ስም ይምረጡላቸው፤ አጠገባቸው የተኙት የነጋዴ እናቶች ናቸውና እንዳያፍሩ።