ምነው በአማርኛ መለስሽልኝ?

ግንቦት 2003
ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣ ሶዶ

እንደምን ከርመሻል እማዬ? ጉልበትሽስ ተሻለው? እኔ ጌታ ይመስገን፣ ሰውነቴ ደህና ነው።

በስልክ አልሆን ቢለኝ ነው የምጽፈው። በአማርኛ የጻፍኩትም የቤታችንን ቋንቋ በላቲን ፊደል ማንበብ ስለማትችዪ ነው። አንቺ ግን በስልክ ምን ሆነሽ ነው አማርኛ የጀመርሽው? አማርኛ ለእኛ የቢሮና የገበያ ነው። በቋንቋችን ስለ አባባ ስጠይቅሽ፣ በአማርኛ ደህና ናት፣ ጉኑኖ ሄዳለች ትይኛለሽ። ድሮ አባባን ሴት ስታደርጊው በሳቅ እሞት ነበር። አሁን ሳቄ አልመጣም።

ገና ላይ አባባ ምን እንደምማር ጠይቆኝ፣ ስነግረው ለቦዬ ተክላችን ምን ይጠቅማል ብሎ አሾፈብኝ። ለአንቺም ልንገርሽ። ዓለም ገና ጨቅላ ሳለች የተነሳ ብርሃን አለ፤ ዛሬም ከሰማዩ ሁሉ ይመጣል። ሞገዱ የሚወዛወዝበት አቅጣጫ አለው፤ ፖላራይዜሽን እንለዋለን። መንገድ ላይ የማግኔት መስክ ካገኘው ያ አቅጣጫ ዞር ይላል። መስኩን ማንም አያየውም። ስለዚህ በአጭርም በረጅምም ሞገድ ለክተን እናስተያያለን፤ ረጅሙ ይበልጥ ይዞራል። ልዩነት ካለ፣ መሀል ላይ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

የእናንተንም ቃል አስተያየሁት። አንቺ ጉኑኖ አልሽኝ። አጎቴ ኤልሳዕ በዚያው ቀን አረካ ሐኪም ጋ ነው አለኝ። ወንድሜ ይስሐቅ ደግሞ ስለ አባባ ስጠይቀው ስልኩን ለአንቺ ሰጠ። መዋሸት አይችልበትም፤ እንዳትቆጪው። አንቺም በቋንቋችን መዋሸት ቢያቅትሽ ነው ወደ አማርኛ የሸሸሽው።

መርዶ ለተማሪ እንደማይነገር አውቃለሁ። የአክስቴ የብርቄ ልጅ ፈተናውን እስኪጨርስ ቤቱ ሁሉ መርዶውን ደብቆት የለ? አልፈርድብሽም። ግን እማዬ፣ ከፋኝ። አንቺ ብቻሽን ስታለቅሺ እኔ ስለ ሰማይ እጽፍ ነበር።

ጥናቴን ትናንት አቀረብኩ፤ አለፍኩ። ከእንግዲህ የምትጠብቂው ነገር የለም። ቅዳሜ እመጣለሁ። ንጋት ላይ ሊያረዱኝ ሽማግሌ እንዳትሰበስቢ። አንቺው ራስሽ፣ በቋንቋችን ንገሪኝ።

ጌታ ያጽናሽ፤ ቤታችንን በእጁ ይያዝ። ለይስሐቅ ጫማ፣ ለአንቺ ነጠላ ይዣለሁ። ለአባባ ምንም አልገዛሁም።

የማሕፀንሽ ፍሬ፣
ሴት ልጅሽ