በዘራችን የለም ያልሁበት ቀን

በጀርባዋ አዝላ ላሳደገችኝ ለታላቅ እኅቴ ለእናትነሽ፤ ሐዋሳ።

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ብርድ ሲሆን የሚይዝሽ ወገብሽስ ተሻለሽ? ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ስትረግጪ ውለሽ ማታ እግርሽን ያምሻል ወይ? ይህን አንድ ቀን እንኳ ሳልጠይቅሽ አራት ዓመት አልፎ፣ ዛሬ መጠየቄ ለራሴም አሳፍሮኛል። እኛ ዘንድ ሁሉም በሕይወት አለ። ሩዙ ዘንድሮ ደኅና ይዟል፤ ውኃውም ቶሎ ሸሸልንና አጨዳ ላይ ነን። እናታችን ዓይኗ ደከም አለ እንጂ ደኅና ናት።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። ሦስት ጊዜ ደወልሁልሽ፤ ሦስቱንም ጊዜ ድምፅሽን ስሰማ የደወልሁበትን ትቼ ስለ ሩዝና ስለ ላሟ አውርቼ ዘጋሁት። የመጨረሻውን ቀን "ሰጠኝ፣ የሆንኸው ነገር አለ?" ብለሽ ስትጠይቂኝ "ኧረ ምንም!" አልሁሽ። ዋሸሁሽ። ወረቀት ፊቴን አያይምና ይኸው ሁሉንም ልናገር። ደብዳቤውን ሩዝ ጭኖ ወደዚያ የሚወርደው ሹፌር አለኸኝ ያደርስልሻል።

በሐምሌ ሴት ልጅ እንደ ወለድን፣ ስሟንም መባ እንዳልናት ነግሬሻለሁ። ያልነገርሁሽ ከዚያ ወዲህ ያለውን ነው።

በመስከረም መጨረሻ ለክትባት ወረታ ወሰድናት። ባለቤቴ ጥሩብርሃን አብራኝ ነበረች፤ አባቷ መሪጌታ ገብረ ኪዳንም ከይፋግ ለገበያ መጥተው ስለነበር ተከተሉን። መሲ የምትባል ነርስ ልጅቱን አስተኝታ ሁለት ጉልበቷን አጠፈችና ወደ ጎን ከፈተቻቸው። ቀኙ እንደ ልብ ተከፈተ፤ ግራው ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ደግማ ሞከረችው። ከዚያ ቀና ብላ፣ ካባት ወይም ከናት ወገን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያነክስ ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀችን። ጥሩብርሃን በኛ በኩል የለም አለች። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ያዩኛል። እኔም "በዘራችን የለም" አልሁ።

እንዲህ አልሁ፣ እታለም። ነርሷም፣ በቤተሰብ ቢኖር ዛሬውኑ ባሕር ዳር እልካችሁ ነበር፣ እንግዲያው ጅማቷ ጠብቆም ሊሆን ይችላልና ከወር በኋላ መልሳችሁ አምጧት ብላ ሸኘችን።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ አልከበደኝም፤ ለምጄዋለሁና። ይፋግ ሽማግሌ የላክን ጊዜ፣ የነሱ ሰዎች እስከ ሰባት ቤት ዘር ሲቆጥሩ፣ በዘራቸው አንካሳ አለ እንዳይሉኝ ፈራሁ። ለሠርጉ ቀን ወረታ አክስታችን ቤት ሰንብቺ አልሁሽ፤ ቤት የሚጠብቅላት ሰው አጣች ብዬ። ያን ጊዜ የሠርጌን ኩታ ጥለቱን እየሰፋሽልኝ ነበር። ክሩን በጥርስሽ በጠስሽ፣ ኩታውን አጣጥፈሽ ሰጠሽኝ፣ "ይሁን" አልሽ። በሳምንቱ ሐዋሳ ሄድሽ። እኔም እኅቴ ሥራ አግኝታ ሄደች እያልሁ አወራሁ። ስለ እግርሽ ግን ለጥሩብርሃን እንኳ ትንፍሽ አላልሁም፤ እናታችንንም እንዳትናገር በሚካኤል አስማልኋት።

ከወረታ በተመለስን በሦስተኛው ሳምንት እናታችን መባን ቅቤ ስትቀባት ግራ ጭኗ ላይ እጇ ቀረ። ጥሩብርሃንም፣ ልጅቱን ሊጠይቁ የመጡት መሪጌታም እዚያው ተቀምጠዋል። "ይህ የእናትነሽ እግር ነው፤ እጄ አይስተውም" አለች። "በእሷ ጊዜ ባለማወቄ ዝም አልሁ። ዛሬ እያወቅሁ ዝም አልልም፤ መሐላውን ሚካኤል ይፍታኝ።" ጥሩብርሃን "የእናትነሽ ምን?" ብላ ወደ እኔ ዞረች። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! ሁሉንም ተናገርሁ።

ጥሩብርሃን አልጮኸችም። ልጇን አንሥታ ታቀፈችና "ሦስት ሳምንት" አለች። መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡና "ልጄ፣ ያሳፈርኸን በእኅትህ እግር አይደለም" አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግሥቱ ባሕር ዳር ገባን። የአጥንት ሐኪሙ ክፍል ውስጥ የሰው አጽም ከነሙሉ አካሉ በብረት ዘንግ ተደግፎ ቆሟል። ልጅቱን መርምሮ ሲያበቃ ወደ አጽሙ ወሰደን። ጉልበት እንደ በር ነው፣ ወደ አንድ ወገን ብቻ ይታጠፋል አለን። የዳሌው ሌላ ነው። የጭን አጥንት የላይኛው ራስ ክብ ነው፤ የዳሌው አጥንት ደግሞ ጎድጓዳ ነው፤ ዘነዘና ሙቀጫ ውስጥ እንደሚገባ ገብቶ ወደ ፈለገው ይዞራል። ሰው የሚራመደው፣ ቁጢጥ የሚለው፣ የሚሰግደው በዚያ ነው። የሕፃን አጥንት ለጋ ስለሆነ ጎድጓዳው የሚቀረጸው ክቡ ራስ ውስጡ ተቀምጦ ሲንቀሳቀስበት ነው፤ ውጭ ከዋለ ጎድጓዳው ሳይቀረጽ ይቀራል። የመባም ግራው ከቦታው ወጥቷል።

የአጽሙን እግር ሲያዟዙረው እኔ የማየው አንቺን ነበር። ሩዝ ስናርም ሁላችን ቁጢጥ ስንል አንቺ አንድ ጉልበትሽን ጭቃ ላይ ተክለሽ ትነቅዪ ነበር። ሰነፍ እያልን እንጮኽብሽ ነበር። ከብት ስንመልስ ከኋላሽ ሆኜ አካሄድሽን እየቀዳሁ የሰፈሩን ልጆች የማስቃቸው እኔ ነበርሁ። አንድ ቀን ዞረሽ አየሽኝ፤ ያን ዓይንሽን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አጥንትሽ ቦታው ላይ አልነበረም፣ እታለም። እኛ ስንፍና አልነው።

ምነው ሐኪሙ ቀጥሎ ያለውን ባልሰማሁት! ሕፃን እግሩን ከፍቶ ጀርባ ላይ ሲታዘል የጭኑ ራስ ቦታውን ይዞ ይቀመጣል፣ ማዘል ለዳሌ መልካም ነው አለ። እኔን ማን አዘለኝ? እናታችን እርሻ ስትውል ከቤት ወንዝ፣ ከወንዝ ቤት በዚያ እግርሽ አዝለሽ ያመላለስሽኝ አንቺ ነሽ። ዛሬ የምሮጥበት ዳሌ ያንቺ ጀርባ ላይ የጠና ነው። እዚያው ሰው ፊት አለቀስሁ።

ሐኪሙም የነርሷን ጥያቄ ደገመልኝ። "አለች" አልሁ። የመባ ካርድ ላይ "እናትነሽ፣ የአባት እኅት፣ ግራ ዳሌ" ብሎ ጻፈ። ከትከሻዋ እስከ እግሯ የሚደርስ የጨርቅ ማሰሪያ አደረገላት፤ ጉልበቷን አጥፋ፣ እግሯን ከፍታ ትውላለች፣ ታድራለች። ጊዜው አላለፈም፣ ስድስት ወር ቢያልፋት ግን ይከብድ ነበር አለን። ስላንቺም ጠየቅሁት። ሳላያት ምንም አልልም፣ ለአዋቂም ቀዶ ጥገና አለ፣ ነገሩ ግን የሷ ፈቃድ ነው አለኝ። ይህን የምጽፈው እንድታውቂው ብዬ ነው እንጂ ይቅርታሽን ልገዛበት አይደለም። ይቅር በዪኝ፣ እታለም። ባትዪኝም ምንም አልልም።

እናታችን ሁለቱን ጉንጭሽን ስማለች፤ መሐላው ስለተፈታ አሁን ስምሽን ስትጠራ ትውላለች። መሪጌታ ገብረ ኪዳን "ለማላውቃት ልጄ" ብለው ሰላምታ ልከውልሻል። መባ አሁን አጠገቤ ተኝታለች።

ጥሩብርሃን ከእኔ ጋር ገና እንደ ድሮው አታወራም። ትናንት ግን የሠርግህን ኩታ አውጣልኝ አለችኝ። ለምን ብላት፣ ማሰሪያው ከጥምቀት በኋላ ይፈታል፣ ያን ቀን መጀመሪያ የምታዝላት አክስቷ ናት፣ ራሷ በሰፋችው ኩታ ታዝላታለች አለች። ነይ ብላለች በልና ጻፍላት፣ አንተ ግን ለመጥራት አፍ የለህም አለችኝ። እውነቷን ነው፣ የለኝም። ጥሩብርሃን ነይ ብላሻለች።

ወንድምሽ ሰጠኝ

ቁሐር ሚካኤል፣ ኅዳር ፲፬ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.