ኅብረተሰብ ተምሮ ኩሽና መሸጥ

ለምወድህ ወንድሜ ለይልማ፣

እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? የጎንደር ብርድ በረታ ወይስ ይሻላል? አክስታችን ብዙዓየሁስ የጉልበታቸው ቁርጥማት ለቀቅ አደረጋቸው? እኔና እማዬ እዚህ እስራኤል፣ ኔታንያ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ካንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም።

«ሶሺዮሎጂውን ትቼ አካውንቲንግ ልግባ ወይ? ኅብረተሰብ ተምሮ ማን እንጀራ በላ ይሉኛል» ያልከኝን ሰማሁ። በስልክ ልመልስልህ ብል ነገሩ አላልቅ ቢለኝ ነው ብዕር ያነሣሁት።

እኔም እኮ ያንኑ ተምሬ ሱፐርማርኬት ውስጥ ኩፓ በሚሉት ገንዘብ መቀበያ ላይ ተቀምጬ ሒሳብ ስቀበል እንደኖርኩ ታውቃለህ። ባለፈው ወር ግን ሥራ የጠየቅሁት አንድ ኩሽና ሠሪ ድርጅት ጠራኝ። ኃላፊዋ ሐጊት ትባላለች። ወረቀቴን አየት አድርጋ፣ «እኛ የምንሸጠው ኩሽና ነው፤ አንቺ የተማርሽው ሰው ነው። ምን ላድርግሽ?» አለችኝ። «ኩሽናውንስ የሚገዛው ሰው አይደል?» አልኳት፤ ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። ሳቀች። ዐጋሚም በሚባለው ሰፈር ባሉት አዳዲስ ፎቆች ገበያቸው እንደደራ፣ እኛ ሰፈር ኪርያት ኖርዳው ግን ሴቶቻችን አይተው፣ አድንቀው፣ ሳይገዙ እንደሚመለሱ ነገረችኝ። «ምክንያቱን አግኝተሽ ነይ» ብላ ሰደደችኝ።

ቤት ለቤት ዞርኩ። እንደተማርኩት መጀመሪያ ተቀምጬ ተጫወትኩ፤ ጥያቄው ኋላ መጣ። እማማ ደጊቱ የሚባሉ ጎረቤታችን እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ የዛሬ ኩሽና ከሳሎን ጋር አንድ ነው፤ ግድግዳ የለው፣ በር የለው። ሽማግሌ ሳሎን ተቀምጦ ሴት ወዴት ሄዳ ትሳቅ? ወዴትስ ሄዳ ታልቅስ?» የሌሎቹም ነገር ዞሮ ዞሮ እዚያው ነው።

ይህንኑ ለሐጊት ነገርኳት። ከዚያ እናቷ ከትሪፖሊ የመጡ መሆናቸውን፣ በሞቱ ጊዜ እርሷም ያለቀሰችው የኩሽናውን በር ዘግታ እንደሆነ አጫወተችኝና፣ «እሑድ ሥራ ጀምሪ፤ በር ያለው ኩሽና እንሠራለን» አለችኝ፤ እዚህ የሥራ ሳምንት የሚጀምረው በእሑድ ነው። ለእማዬ ብነግራት «የሰው ወሬ ለመስማትም ደሞዝ አለ?» ብላ እልልታዋን አቀለጠችው።

አልዋሽህም፣ ወንድም ዓለም። እኔም ገና በሙከራ ላይ ነኝ፤ አብራኝ የተመረቀችው ሲቫን እስካሁን ሥራ ትፈልጋለች። ቢሆንም ትምህርትህን አትተው። ሒሳቡን ግን ጎን ለጎን ያዝ፤ ቀጣሪ መጀመሪያ የሚያየው እርሱን ነው።

ከሥራ ስመለስ ከአውቶቡሱ አንድ ፌርማታ ቀድሜ እወርድና በባሕሩ ገደል አፋፍ እሄዳለሁ። ፀሐይ ስትገባ የፎቆቹ መስኮቶች አንድ በአንድ ይበራሉ። ከእያንዳንዱ ጀርባ ማን ከማን ጋር እንደተቀመጠ፣ ማን ምን ሊል ፈልጎ እንደተወው እያሰብኩ፣ እግሬ መሬት የረገጠም አይመስለኝ። አንዳንዴ አንተም መጥተህ፣ በስማችን ትንሽ ቢሮ ከፍተን፣ አንተ አባቶቹን፣ እኔ እናቶቹን ስንጠይቅ ይታየኛል። ጠረጴዛህን እንኳ ባሕሩ በሚታይበት በኩል አድርጌልሃለሁ።

የአክስታችንን ጉልበት ሳምልኝ። አጎታችንን ቃኘውን እንዴት ሰነበቱ በልልኝ፤ ልጆቻቸውንም ጉንጫቸውን ሳምልኝ። ጎረቤቱን ሁሉ በየስሙ ሰላም በልልኝ። እማዬ አጠገቤ ሆና «ከሳ አሉኝ፤ ይብላ በይው» ትላለች። ጽፌልሃለሁ፤ ብላ።

እህትህ ፈንታዬ
ኪርያት ኖርዳው፣ ኔታንያ
ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.